የአያቴ የባቡር ፎቶ፤ ጀርባው ላይ 12/3/48 ይላል

የባቡሩ የልጅ ልጅ (ሰኞ ማታ)

እንደምን አመሻችሁ። እናቴ ካረፈች በኋላ ሳጥኗን ስናስተካክል፣ ከነጠላዎቿ ስር አንድ ትንሽ ፎቶ አገኘን። የእናቴ አባት ነው። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ይሠራ ነበር። እኔ አልደረስኩበትም፤ ከመወለዴ በፊት ነው የሞተው። ቤታችን ውስጥ ስለ እሱ የሚነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ባቡር ነጂ ነበር።" በቃ፣ ሌላ ወሬ የለም።

ፎቶው ከመዳፌ ያንሳል። ጠርዙ እንደ ዳንቴል ተቆራርጧል፤ ዙሪያውን ነጭ ክፈፍ አለው። ዘጠኝ ወንዶች ባቡር ፊት ቆመዋል። አያቴ ከቀኝ ሁለተኛው ነው። እጁ ላይ የሥራ ጨርቅ የመሰለ ነገር ጠቅልሎ ይዟል። የቀሩትን ስምንቱን አላውቃቸውም። ጀርባው ላይ በሐምራዊ ቀለም "12/3/48" ተብሎ ተጽፏል፤ ከስሩ ደግሞ በፈረንሳይኛ ፊደል "ድሬዳዋ"። ሌላ ምንም የለም።

እኔ ፊደሉን አይቼ በፈረንጆች ነው፣ ማርች 12 ቀን 1948 ነው አልኩ። ወንድሜ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ነው ይላል። ማናችን ነን ትክክል? ከዚህች ፎቶ ሌላስ ምን ማወቅ ይቻላል? እናቴ በሕይወት እያለች አለመጠየቄ በጣም ይቆጨኛል። አሁን ግን አያቴን ማወቅ እፈልጋለሁ።

አሮጌ ፎቶ ወዳጅ (ሰኞ ማታ)

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። እናትሽን ነፍስ ይማር።

ሥራዬ አሮጌ ፎቶ ማደስ ነው። ከምንም በፊት ፎቶውን አድኚው። ጣት አይንካው፤ ጠርዙን ብቻ ያዢ። በእስክሪብቶ ምንም እንዳትጽፊበት፤ ቀለሙ ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት በኩል ዘልቆ ይወጣል። መጻፍ ካለብሽ ለስላሳ እርሳስ፣ ጀርባው ላይ፣ ሳትጫኚ። ፕላስተርም ላሚኔሽንም አታስነኪው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የአባቴን የሠርግ ፎቶ ላሚኔት አስደርጌ አበላሽቻለሁ፤ ሙቀቱ ምስሉን ቡናማ አደረገው። ያ ፎቶ አንድ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ስካን። የተለመደው 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለ የነጥብ ብዛት) ለዚህ መጠን አይበቃም። ፎቶሽ 6 በ9 ሴንቲ ሜትር ይመስለኛል። በ1200 ዲፒአይ ስካን ብታደርጊው ወደ 2,800 በ4,200 ነጥብ ይወጣል። ያኔ የኮፍያ ምልክት፣ ቁልፍ፣ እጅ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይታያል። ጀርባውንም ስካን አድርጊ። ሰው ጀርባውን ይረሳዋል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ከጀርባው ነው የምጀምረው።

ስካነር ከሌለሽ በስልክ፣ መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ አጥፍተሽ አንሺው። ስትልኪው ደግሞ በቴሌግራም በፋይል ላኪው። እንደ ተራ ፎቶ ከላክሽው ይጨመቅና ዝርዝሩ ይጠፋል።

ከዚራ (ማክሰኞ ጠዋት)

የድሬ ልጅ ነኝ፤ ይህን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እኛ ጋ የደረሰው በእ.ኤ.አ. 1902 መጨረሻ ነው። ከተማዋን ራሷን የወለዳት ባቡሩ ነው። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው ቆላው ላይ ቀረ፤ በመጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ነበር የተባለችው። ትልቁ ወርክሾፕ እኛ ጋ ነበር። አንድ ሰፈር ሙሉ በሸመንደፈር፣ በምድር ባቡሩ ነው ያደገው። አባቶቻችን ጣቢያውን ሳይቀር በፈረንሳይኛ ነበር የሚጠሩት። አዲስ አበቤዎቹም ያው "ለገሃር" ይሉ የለ!

አንድ ጥያቄ አለኝ። ከኋላቸው ያለው ባቡር ጭስ ማውጫ አለው? ክብ ሆዱን ያሳያል ወይስ ፊቱ ሳጥን ነው?

የባቡሩ የልጅ ልጅ (ማክሰኞ ከሰዓት)

አመሰግናለሁ። ሥራ ቦታዬ ባለው ስካነር አነሳሁት፤ በፋይል ለጥፌዋለሁ። ባቡሩ ጭስ ማውጫ የለውም። ፊቱ እንደ ሳጥን ነው፤ ከላይ ሁለት መስኮት አለው። መሬቱ ላይ ሐዲድ ይታያል፤ በቀኝ በኩል የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ትልቅ አዳራሽ አለ። ጥላቸው ረጅም ነው።

ታሪክ አንባቢ (ማክሰኞ ማታ)

እንግዲያው ወንድምሽ ትክክል ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

በጅቡቲ መስመር ናፍጣ ሎኮሞቲቭ የገባው በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሎኮሞቲቭ የእንፋሎት ነው። ማርች 1948 ቢሆን ኖሮ ከኋላቸው ጭስ ማውጫ ያለው፣ ሆዱ በርሜል የመሰለ ባቡር እናይ ነበር። ስለዚህ "48" የእኛ ነው። 3 ሦስተኛው ወር፣ ህዳር ነው። ህዳር 12 ቀን 1948 ዓ.ም. ወደ ፈረንጅ ሲቀየር ኖቬምበር 22 ቀን 1955 ይሆናል። ማክሰኞ ነበር።

ይህ የዘመን ጉዳይ ብዙ ሰው ያሳስታል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜ 8 ዓመት። የምድር ባቡር ሰዎች ደግሞ በሁለት ዘመን ነበር የሚኖሩት። መሥሪያ ቤት በፈረንሳይ፣ ቤት በኢትዮጵያ። ስለዚህ ፊደሉ ፈረንሳይኛ ስለሆነ ቀኑም የፈረንጅ ነው ማለት አይቻልም። አያትሽ የከተማውን ስም ሥራ ላይ በለመደው ፊደል ጻፈ፤ ቀኑን ግን በልቡ በሚቆጥረው።

ለሌሎችም የሚጠቅም ነገር ልጨምር። ፉርጎ ወይም ሎኮሞቲቭ ላይ "ሴ ኤፍ ኧ" የሚሉት የፈረንሳይኛ ፊደላት ካሉ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ዘመን ነው። "ሴ ዴ ኧ" ከሆነ ከእ.ኤ.አ. 1981 ወዲህ ነው፤ ያኔ ድርጅቱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ሆነ። አዲስ አበባ ለገሃር ፊት የተነሳ ፎቶ ካላችሁ ደግሞ የይሁዳ አንበሳውን ፈልጉ። የጣቢያው ሕንፃ የ1929 ነው። ሐውልቱ በ1930 ቆመ። ጣሊያን ነቅሎ ሮማ ወሰደው፤ የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ሕንፃው ኖሮ አንበሳው ከሌለ፣ ፎቶው በዚያ መሃል የተነሳ ሊሆን ይችላል።

ከዚራ (ማክሰኞ ማታ)

ቆይ ቆይ። ህዳር 12? ህዳር ሚካኤል እኮ ነው!

እስቲ ልብሳቸውን ተመልከቱ። አንዱም ላይ የዘይት እድፍ የለም። ሁለቱ ኮት ለብሰዋል፤ አንዱ ነጠላ ደርቧል። ይሄ የሥራ ቀን ልብስ አይደለም።

ደወሌ (ማክሰኞ ማታ)

ከዚራ አይንህ ይባረክ። እኔም የልብሱ ነገር ገርሞኝ ነበር። ከቀኝ መጨረሻ፣ ከአያቷ ጎን ያለው ሰው ደግሞ ቆብ አድርጓል፤ የእኛ የሙስሊሞች ቆብ ነው የሚመስለው። ፊቱን ግን ጥላ ሸፍኖታል።

የእኔም አያት ወርክሾፕ ነበሩ። ቤተሰባችን ግማሹ ድሬ፣ ግማሹ ጅቡቲ ነው። ሰዎች ስለ ባቡር ቤተሰብ ሲፈልጉ ድሬ ላይ ያቆማሉ። የድሮው መስመር 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዘመድ በየጣቢያው ተበትኗል። አይሻ፣ አዲጋላ፣ ሽኒሌ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሐራ። ሠራተኛ ተዛውሮ ሲሄድ ቤተሰቡም አብሮ ይሄዳል። አንድ እናት የወለደቻቸው ልጆች በሦስት ጣቢያ ተወልደው ታገኛላችሁ። ልጆቹ የት የት እንደተወለዱ በቅደም ተከተል ከጻፋችሁ፣ የአባትየውን የዝውውር ታሪክ አገኛችሁ ማለት ነው። እኔ የአያቴን ታሪክ የገጣጠምኩት እንደዚያ ነው።

ጡረተኛው የወርክሾፕ ሰው (ረቡዕ ጠዋት)

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ይህን አነበበልኝና እኔ እየተናገርኩ እሱ ይጽፋል።

እኔ ወርክሾፕ የገባሁት ከዚህ ፎቶ ብዙ ዘግይቼ ነው። ቦታውን ግን አወቅሁት። በቀኝ ያለው አዳራሽ ወርክሾፑ ነው። የቆሙት ግቢው ውስጥ ነው። ጥላው ረጅም ነው አላችሁ፤ ከሥራ በኋላ፣ ወደ ማታ ገደማ ይሆናል።

አንድ ነገር ልንገርሽ ልጄ። እኛ ዘንድ መሥሪያ ቤቱ ያስነሳው ፎቶ ያስታውቃል። አለቃው መሃል ይቀመጣል። ፎርማኖች ከጎንና ከጎን። ተራው ሠራተኛ ከኋላ ይቆማል፤ ተለማማጁ መሬት ላይ ይቀመጣል። ወንበር አይጠፋም። ይሄ ፎቶ ላይ ወንበርም አለቃም የለም። ሁሉም እኩል ቆመዋል። ይሄ የራሳቸው ፎቶ ነው፤ በራሳቸው ፈቃድ የተነሱት።

ደግሞ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ አያትሽ ባቡር ነጂ አይመስለኝም። ነጂ የሚነሳው ባቡሩ ላይ ወጥቶ ነው፣ ወይ ደረጃው ላይ እግሩን አስቀምጦ። ባቡሩ የእሱ ነው፤ ይኮራበታል። መሬት ላይ ተሰልፎ የሚቆመው እኛ ነን። የጡረታ ደብተሩ ካለ ፈልጊ። የሥራ መደቡ እዚያ ላይ ይኖራል።

ቀይ ባሕር (ረቡዕ ከሰዓት)

ይቅርታ በመሃል ስገባ። እኔም የቅድመ አያቴ ፎቶ አለኝ። "የባቡር ሰው ነበሩ" ይባላል፤ እኛ ሁልጊዜ ጅቡቲ መስመር ይመስለን ነበር። ፎቶው ላይ ግን ባቡሩ ከዋሻ ሲወጣ ነው፤ ከስሩ በድንጋይ የተሠራ ቅስት ድልድይ አለ። ጀርባው ላይ ያለው ማኅተም ጣሊያንኛ ነው። ይሄ የት ነው?

ታሪክ አንባቢ (ረቡዕ ማታ)

የምጽዋ አስመራ መስመር ነው የሚመስለኝ። ያ መስመር ከባሕር ጠለል ተነስቶ 120 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ስለዚህ ዋሻና ቅስት ድልድይ በብዛት አለው። አስመራ የደረሰው በእ.ኤ.አ. 1911 ነው፤ በኋላ ወደ ከረንና ወደ አቆርዳት ቀጠለ። የጅቡቲው በብዛት በቆላና በሜዳ ነው የሚሄደው፤ ድልድዮቹም ብዙዎቹ የብረት ናቸው።

ሌላ መለያ የሐዲዱ ስፋት ነው። የድሮው የጅቡቲ መስመር አንድ ሜትር ነበር፤ የኤርትራው 95 ሴንቲ ሜትር። በዓይን አይለይም። ማኅተሙ ግን ይለያል። የፈረንሳይኛ ማኅተም ወደ ጅቡቲ መስመር፣ የጣሊያንኛ ወደ አስመራ ይጠቁማል። ከጣሊያን ወረራ ዓመታት (ከእ.ኤ.አ. 1936 እስከ 1941) የሆነ ፎቶ ሲሆን ግን ተጠንቀቁ፤ ያኔ ጣሊያንኛ አዲስ አበባም ድሬም ነበር።

ቀይ ባሕር (ረቡዕ ማታ)

አመሰግናለሁ። ቤተሰባችን ስለ አስመራ ምንም ተናግሮ አያውቅም። አባቴን ነገ እደውልለታለሁ።

ለገሃር (ረቡዕ ሌሊት)

ብዙ አልጽፍም። አጎቴ ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ ላይ ከተገለበጠው ባቡር ላይ ነበር። ከ400 በላይ ሰው ነው ያለቀው። ቤታችን ውስጥ የእሱ ፎቶ አንድ አለ፤ እናቴ የፎቶውን ፊት ወደ ግድግዳ አዙራ ሰቅላዋለች።

የምጽፈው ለዚህ ነው። የባቡር ቤተሰብ ውስጥ ፎቶ ይዛችሁ አዛውንት ጋ ስትሄዱ ቀስ በሉ። "ይሄ ማነው?" ብላችሁ አትጀምሩ። ፎቶውን እጃቸው ላይ አስቀምጡና ዝም በሉ። እነሱ ሲፈልጉ ይናገራሉ።

የባቡሩ የልጅ ልጅ (ሐሙስ ማታ)

ለገሃር፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ምክርህን ይዣለሁ።

አባባ፣ የጡረታ ደብተሩን አገኘሁት! ወንድሜ ጋ ነበር፤ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ። አብሮት አንድ የፈረንሳይኛ ወረቀት አለ። ስሙ የተጻፈበትን መጀመሪያ አላወቅሁትም፤ የ"ወ"ው ድምፅ በሦስት ፊደል ነው የተጻፈው። ከስሙ አጠገብ አንድ ቁጥር አለ። የሥራ መደብ የሚለው ላይ "አጁስተር" ይላል። ምን ማለት ነው? ነጂ ማለት ነው?

ጡረተኛው የወርክሾፕ ሰው (ሐሙስ ማታ)

አይደለም ልጄ። አጁስተር ማለት ብረት ሞርዶ፣ ፍቆ፣ ለክቶ፣ አንዱን ዕቃ ከሌላው ጋር ልክ የሚያስገባ ነው። መለዋወጫ ከፈረንሳይ እስኪመጣ ወራት ይፈጅ ነበር። ባቡር ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ የጎደለውን ወርክሾፑ ራሱ ይሠራዋል። ጥሩ አጁስተር በእጁ ጣት ብቻ ዳስሶ "ይሄ ገና አልገባም" ይላል። መለኪያው ሲመጣ ትክክል ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ነጂ ኮፍያውን ያወልቃል። ነጂው ድልድይ ላይ የሚተማመነው በማን እጅ ይመስልሻል?

"ነጂ ነበር" ያሉት ለልጅ ስለሚቀል ነው። ልጅ ባቡር ነጂ ያውቃል፤ አጁስተር አያውቅም። በአያትሽ አትዘኚ።

ቁጥሩን ጠብቂው። የሠራተኛ ቁጥሩ ነው። ስም በስንት ዓይነት ይጻፋል፤ ቁጥር ግን አይለወጥም።

ታሪክ አንባቢ (ሐሙስ ማታ)

አባባ ያሉት ስለ ቁጥሩ ወርቅ ነው። በመዝገብ ስትፈልጊ የሚያስቸግርሽ ስሙ ነው። ፈረንሳዮቹ እንደሰሙት ነበር የሚጽፉት። "ገብረ"ን አንዱ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ ይጽፈዋል። "ወልደ" በሦስት በአራት ዓይነት ሊመጣ ይችላል። በዚያ ላይ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ጸሐፊው የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስደውና በእሱ ፊደል ተራ ያስገባዋል። ስለዚህ በአያትሽ ስም ካጣሽው በአባቱ ስም ፈልጊ። በክርስትና ስሙም ሞክሪ።

የት ይፈለጋል ለምትሉ፣ ቅርብ ካለው ጀምሩ። ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት አለ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፤ ፎቶዎችም አሉት። ሩቅ ከተባለ ፈረንሳይ ናንት የሚገኘው የዲፕሎማሲ ቤተ መዛግብት የአዲስ አበባ ኤምባሲያቸውን ወረቀት ይዟል። የጅቡቲ የቅኝ ግዛት ዘመን ሰነድ ደግሞ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ነው። ግን እውነቱን ልናገር፤ ተራ ሠራተኛን በስም ፊት ለፊት የምታገኙበት ዕድል ቤታችሁ ካለው ሳጥን ውስጥ ይበልጣል። የጡረታ ደብተር፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ የነጻ መሳፈሪያ ወረቀት፣ የእድር ደብተር። መጀመሪያ እነሱን ጨርሱ።

ብርሃን ስቱዲዮ (ዓርብ ጠዋት)

ፎቶውን በአንድ የስልክ መተግበሪያ ቀለም ቀባሁት፤ ፊታቸውንም አጠራሁት። ይኸው ለጥፌዋለሁ። አያትሽ አሁን ጥርት ብለው ይታያሉ። በርቺ እህቴ።

አሮጌ ፎቶ ወዳጅ (ዓርብ ጠዋት)

ወንድሜ፣ በቅንነት እንዳደረግከው አውቃለሁ። ግን ይህን መናገር አለብኝ። እነዚህ መተግበሪያዎች ፊት አያጠሩም፤ ፊት ይፈጥራሉ። ዋናው ፎቶ ላይ የሰውዬው ዓይን ጥቂት ነጥብ ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ ሽፋሽፍት ሊወጣ አይችልም። ማሽኑ ከሌላ ሰው ፊት አምጥቶ ነው የሚሞላው። አንተ የሠራኸው ላይ ከግራ ሦስተኛውና አምስተኛው ወንድማማች መስለዋል፤ ዋናው ላይ አይመሳሰሉም። ኮቱንም ሰማያዊ አድርጎታል። ማን ነገረው?

ለቤተሰብ ምርምር ይሄ አደገኛ ነው። አክስት ያንን ፊት አይታ "አላውቀውም" ብትል፣ እውነተኛውን ሰው አጣነው ማለት ነው። ብርሃንና ጥቁረቱን ማስተካከል ይቻላል፤ ጭረት ማጥፋትም ይቻላል። ፊት ግን አይነካ። ለአዛውንት የምታሳዩት ዋናውን፣ በትልቁ የታተመውን ይሁን።

ሌላ አንድ ነገር። የወረቀቱን ዕድሜ ለመፈተሽ የብር ኖት መመርመሪያውን ሐምራዊ መብራት ተጠቀሙ፤ ብዙ ሱቅ ውስጥ አለ። ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ካበራ፣ ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ወዲህ የተመረተ ነው፤ ማንጫ ኬሚካል የተጨመረው ከዚያ ጀምሮ ነው። "የ1920ዎቹ ነው" የተባለ ፎቶ ካበራ በኋላ የታተመ ቅጂ ነው። ካላበራ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጀርባው ላስቲክ የመሰለ፣ ውሃ የማያስገባ ከሆነ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው።

ብርሃን ስቱዲዮ (ዓርብ ከሰዓት)

ይቅርታ፣ አላሰብኩትም ነበር። አንስቼዋለሁ።

የባቡሩ የልጅ ልጅ (እሑድ ማታ)

ትናንት አዳማ ሄጄ ነበር፤ አክስቴ ጋ። የእናቴ ታላቅ ናት። ፎቶውን ሳይነካካ በትልቁ አሳትሜ ወሰድኩ። ለገሃር እንዳለው ምንም አልጠየቅኋትም። ቡና እየጠጣን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

መነጽሯን አደረገች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ጣቷን አያቴ እጅ ላይ፣ ያ ጨርቅ ላይ አደረገች። "ይቺን ጽዋ እኔ ነኝ የምወለውላት የነበርኩት" አለች።

የሥራ ጨርቅ አይደለም። ጽዋ ነው! በነጠላ የተጠቀለለ የማኅበር ጽዋ። ወርክሾፕ ውስጥ የሚካኤል ማኅበር ነበራቸው። በየወሩ በ12 በአንዱ ቤት ይጠጡ ነበር። በዓመቱ፣ ህዳር 12፣ ሰብሰብ ብለው ሰፋ አድርገው ይደግሳሉ። የዚያን ቀን አያቴ ተረካቢ ነበር፤ የሚቀጥለው ወር ተራ የእሱ ነው። ጽዋውን ይዞ ወደ ቤት ሊሄድ ሲል ነው የተነሱት። ማን እንዳነሳቸው አታስታውስም። እሷ ያኔ ልጅ ነበረች፤ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው ጽዋውን አቅፎ ሲመጣ ታስታውሳለች። እንዲወድቅበት ስለማይፈልግ በሁለት እጁ ነበር የሚይዘው። ፎቶው ላይም በሁለት እጁ ነው። እኔ እስከ ትናንት አላየሁትም ነበር።

ከዘጠኙ ስድስቱን በስም ነገረችኝ። ከግራ ሦስተኛው የክርስትና አባቷ ነው። "ትከሻው ይሄን ያህል ነበር" አለችና በእጇ አሳየችኝ። ከግራ አምስተኛውን አይታ ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልኩ። በኋላ ሌላ ወሬ ጀመረች።

ስለ ሥራውም ጠየቅኋት። "ነጂ? ማን አለሽ? ሞራጅ ነበር እንጂ" አለችኝ። ማታ ሲመጣ ከጥፍሩ ስር የብረት ብናኝ በመርፌ ታወጣለት ነበር።

አባባ፣ ያሉኝን ሁሉ ነገርኳት። "እኒህ ሰውዬ ያውቃሉ" ብላለች።

ከዚራ (እሑድ ማታ)

እንባዬ መጣ። ማክሰኞ ነበር ብሎ ታሪክ አንባቢ ነግሮናል፤ ጾም አይደለም፣ የነቢያት ጾምም የሚገባው በ15 ነው። ድግሱ የፍስክ ነበር ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር እወቂ። የጽዋ ማኅበር መዝገብ ይኖረዋል። ማን መቼ ገባ፣ ማን መዋጮ ከፈለ፣ ማን ሞተ፣ በማን ተተካ። ብዙ ጊዜ አባት ሲሞት ልጅ ይተካል። ስማቸው በአማርኛ፣ በራሳቸው አጻጻፍ፣ ከነክርስትና ስማቸው ነው የሚጻፈው። ከኩባንያ ወረቀት ይልቅ እሱ ይሻላል። አክስትሽን መዝገቡ መጨረሻ ማን ጋ እንደነበር ጠይቂልኝ። ቤተሰቡ ድሬ ካለ እኔ በእግሬ ሄጄ አንኳኳለሁ።

የባቡሩ የልጅ ልጅ (እሑድ ሌሊት)

አሁን ደወልኩላት። ጸሐፊው ከግራ ሁለተኛው ነው፤ ቤታቸው ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ነበር። ልጃቸው እስካሁን እዚያው እንደሚኖር ሰምታለች። ዝርዝሩን በውስጥ መልእክት ልኬልሃለሁ።

ደወሌ፣ አንተንም አልረሳሁህም። ቆብ ስላደረገው ሰው ጠየቅኋት። ስሙን አታስታውስም። ግን የአያቴ የወርክሾፕ ጓደኛ ነበር አለች። ሙስሊም ነው። በየዓመቱ ህዳር ሚካኤል ይመጣ ነበር፤ ለእሱና ለሌሎቹ ሙስሊም ጓደኞቻቸው በግ ለብቻ፣ በራሳቸው እጅ ይታረድላቸው ነበር። ለኢድ ደግሞ አያቴ ልጆቹን ይዞ ይሄድ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ታስታውሳለች፦ የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት የለችም። ማሽን በልቷት ነው።

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። እጁ አያቴ ትከሻ ላይ ነው። አራት ጣት ነው የሚታየው።

ደወሌ (እሑድ ሌሊት)

ላኪልኝ። የእጁን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን፣ በፋይል።

አያቴ ከመሞታቸው በፊት በዚያች እጅ ነበር ጸጉሬን የሚዳብሱት። ትንሿ ጣት አልነበረችም። አባቴ ጅቡቲ ነው፤ ጠዋት ሱብሂ ሰግዶ ሲነሳ ደውዬ አሳየዋለሁ።

የባቡሩ የልጅ ልጅ (እሑድ ሌሊት)

ልኬዋለሁ። አልተኛም፤ እጠብቃለሁ።